ጠረጴዛችን ይመለስልን

ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ለ፦ የተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ ከዶርማችን ስለ ተወሰደው ጠረጴዛና በምትኩ ስለ ገባው አልጋ

ክቡራንና ክቡራት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጉልበቴ ላይ ነው። የእጅ ጽሑፌ ተንጋዶ ቢደርሳችሁ ከንቀት እንዳትቆጥሩብኝ፤ ምክንያቱ ራሱ የደብዳቤው ጉዳይ ነው።

ኅዳር ውስጥ አንድ ሰኞ ከክፍል ስንመለስ የዶርማችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሁለት የቀን ሠራተኞች ጠረጴዛችንን ገልብጠው፣ እግሩን ወደ ላይ አድርገው፣ በበሩ ለማሳለፍ ይታገላሉ። አንደኛው ቀና ብሎ «ይቅርታ እህቶቼ፣ ታዝዘን ነው» አለን። ላዩ ላይ የነበሩትን ደብተሮችና የእኔን መነጽር አልጋዬ ላይ በጥንቃቄ ደርድረውልን ነበር፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ በጠረጴዛው ቦታ ሦስተኛ ተደራራቢ አልጋ ገባ። ማስታወቂያው የተለጠፈው በማግስቱ ነው። ከእንግዲህ በአንድ ክፍል የሚኖሩት በአራት ፈንታ ስድስት ተማሪዎች ናቸው፤ ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ደግሞ ሁሉም ሰው በስሙ የፊደል ተራ እንደ አዲስ ይደለደላል፤ ቅሬታ ያለው በሦስት ቀን ውስጥ ያቅርብ ይላል። በሁለተኛው ቀን በጽሑፍ አቀረብን። «ይታያል» ተባልን። ወር ሊሞላው ነው፤ እስካሁን የታየው አልጋው ብቻ ነው።

የግቢውን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። አንድም ማስታወቂያውን የለጠፈ ክፍል ራሱን ያውቃል፤ አንድም ከአዳማ እስከ አርባ ምንጭ በስምጥ ሸለቆው መሥመር ላይ የሚማሩ ጓደኞቼ ስለ ዶርም ሲያወሩ ብዙው ነገር የእኛን ይመስላል። ማንንም ለማሳጣት አልተነሣሁም። የምጠይቀው ነገር ስላለኝ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጠረጴዛው ልንገራችሁ፤ በእናንተ መዝገብ ላይ «ጠረጴዛ፣ እንጨት፣ አንድ» ተብሎ እንደሚያልፍ እገምታለሁና። ጥጉ ላይ ከእኛ በፊት የነበሩ ተመራቂ ልጆች በስለት «ጂሲ 2008» ብለው ቀርጸውበታል። አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ በታጠፈ ካርቶን ደግፈነው ነበር። አራት ሰው አያስቀምጥም፤ ከሁለት በላይ ክርን አይችልም። ስለዚህ አራታችን፣ ከጎሬ፣ ከመተሐራና ከጅንካ የመጡት ሦስቱ ልጆችና የአዳማዋ እኔ፣ ፈረቃ አወጣን። ከምሽቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት የጎሬዋና የመተሐራዋ ልጅ፣ ከሦስት እስከ አምስት እኔና የጅንካዋ። ሚድ ወይም ፋይናል የደረሰባት ልጅ ፈረቃ አትጠብቅም፤ ይለቀቅላታል። ይህን ደንብ ማንም አልጻፈልንም፤ ለማውጣትም አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተጨቃጭቀናል።

ጠረጴዛው ለጥናት ብቻ አልነበረም። እሑድ ጠዋት ከግቢው በር በፔርሙዝ የምናመጣው ቡና የሚቀዳው እሱ ላይ ነው፤ የጎሬዋ በጨው፣ የመተሐራዋ «የስኳር ፋብሪካ ልጅ ነኝ» እያለች በሦስት ማንኪያ ስኳር። ከየቤቱ የመጣ በሶ ይበጠበጥበታል፤ ጭኮ ይቆረስበታል፤ ብርድ ልብስ ተነጥፎበት ልብስ ይተኮስበታል። ከሁሉ በላይ ግን የተኳረፉ ሰዎች ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ብቸኛ ቦታ ነበር። አልጋ ላይ ያለች ልጅ ካኮረፈች ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ አለቀ። ጠረጴዛ ላይ ግን ስኳሩን ለማቀበል ቀና ማለት ግድ ነው። እኔና የጅንካዋ ልጅ በአንድ ኢርፎን ምክንያት አሥራ አንድ ቀን ስንኳረፍ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያስታረቀን ስኳር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ልኬቱ ልምጣ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯን ተውሼ ክፍላችንን ለካሁት። ወለሉ 5 ሜትር በ4 ሜትር፣ በድምሩ 20 ካሬ ሜትር ነው። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን 5 ካሬ ይደርሰናል። ለስድስት ሲካፈል 3.3። ይህን ቁጥር አገር ያውቀዋል። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ እኔም ከእነዚያ አንዷ ነኝ። ያን ጊዜ ቁጥሩ አኩርቶኝ ነበር። ቀጥዬ አልጋዎቹን ለካሁ፤ ሦስቱ ተደራራቢ አልጋዎች 5.4 ካሬ ይይዛሉ። (5.4ም የ2016ቱን ፈተና ያለፉት ተማሪዎች መቶኛ ነበር፤ ክፍላችን የትምህርት ሚኒስቴርን መግለጫ የምታነብ ይመስለኛል።) ከዚያ ላይ ሎከሮቹን፣ የስድስት ሰው ሻንጣና የውኃ ጄሪካኖቹን ቀንሱ። የቀረው ሰው የሚቆምበት እንጂ የሚኖርበት አይደለም። ጠዋት ልብስ ለመልበስ ተራ እንጠብቃለን፤ ተራ ያልደረሳት አልጋዋ ላይ ተኝታ ትለብሳለች።

አዲሱ አልጋ የቆመው መስኮቱን እስከ ግማሹ ሸፍኖ ነው። ኃላፊዎቻችን ይህን አገር ታውቁታላችሁ። የካቲት ከወጣ በኋላ የስምጥ ሸለቆ ሙቀት ሌሊት እንኳ አይለቅም፤ ያልተከፈተ መስኮት ያለው ክፍል ምጣድ ነው። መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ የወባ ትንኝ አለች። አራት ሆነን አጎበር የምንሰቅልበትን መላ አግኝተን ነበር፤ ከጣሪያው እስከ ሎከሩ ድረስ ገመድ ዘርግተን። በመሐል ሦስተኛ አልጋ ሲገባ ገመዱ መፈታት ነበረበት። የጎሬዋ ልጅ በኅዳር መጨረሻ ወባ ታማ አንድ ሳምንት ክፍል አልገባችም። ወባዋ በአልጋው ምክንያት ነው ብዬ አልከራከርም፤ ማረጋገጥ አልችልም። አጎበሩ የወረደው ግን በአልጋው ምክንያት ነው።

ሶኬት ሁለት አለን። ለአራት ሰው ስልክና ለሁለት ላፕቶፕ ተብቃቅተን ነበር። አሁን ስድስት ስልክና አራት ላፕቶፕ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ተንጠላጥለዋል፤ ማከፋፈያው አንድ ሌሊት ሸተተን፤ ነቅለን በስልክ መብራት አደርን። ጥናቱን ላይብረሪ አጥኑ ትሉን ይሆናል። እናጠናለን። ከላይብረሪው እስከ ብሎካችን ባለው መንገድ ላይ ግን የሚበሩት መብራቶች ሁለት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ጨለማ የውሾቹ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ብቻዋን የምትመለስ ልጅ የለችም፤ አንዷ ማጥናት ስትፈልግ ሌላዋ እንቅልፏን ይዛ አብራት ትሄዳለች።

አደራችሁን፣ አዲስ የተመደቡብንን ሁለት ልጆች እየከሰስኩ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱም የመጀመሪያ ዓመት ናቸው። የሠሩት ጥፋት ያለ ይመስል አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። አንዷ ለአንድ ሳምንት ሻንጣዋን አልፈታችም፤ የት እንደምታስቀምጥ ስላላወቀች ልብሷን ከሻንጣው እያወጣች ትለብስና መልሳ ትቆልፋለች። ማታ ማታ መብራት ሳይጠፋ ትተኛለች፤ እንቅልፍ ወስዷት እንዳይመስላችሁ፣ የምትቀመጥበት ስለሌላት ነው። እኛ በዚያ ዕድሜያችን ጠረጴዛ ነበረን።

ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ይደረጋል ስለተባለው ድልድል ደግሞ ይህን ልበል። የእኛ ክፍል የመተሐራዋ ልጅ ለሱብሂ ትነሣለች። እኔ በጾም ወራት ለኪዳን እነሣለሁ። የጅንካዋ ማታ ትዘምራለች፣ ጠዋት ደግሞ መድፍ ቢተኮስ አትሰማም። የጎሬዋ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የምታጠና «ጨናቂ» ናት። በመጀመሪያው ዓመት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሦስት ስልክ በሦስት ዓይነት ዜማ ይጮህ ነበር፤ ለእንባ የደረስንበት ሌሊት አለ። በኋላ የመተሐራዋ የምትነሣበትና እኔ የምነሣበት ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እንደሚለያይ ደረስንበት። አንድ ስልክ፣ ያውም በንዝረት ብቻ፣ ከመተሐራዋ ትራስ ሥር ተደረገ፤ እሷ ስትነሣ እግሬን ትነካኛለች። ሁለት ዓመት በዚህ ኖረናል። ፕሮክተራችን፣ ማዘር ነው የምንላቸው፣ «የእናንተ ክፍል የስልክ ጩኸት የት ገባ?» ብለው እስኪጠይቁ ድረስ።

ይህ ሁሉ በየካቲት በኤ ቢ ሲ ዲ ተራ ይበተናል። በፊደል ተራ የተመደበ ብሎክ አይቻለሁ፤ በአንድ ክፍል ሦስት ሐና ገብተው ማዘር በሩ ላይ ቆመው «ሐና» ሲሉ ሦስቱም በአንድ ድምፅ «አቤት» ይላሉ። ያስቃል። ግን እያንዳንዷ ሐና የስልኩን፣ የመብራቱን፣ የጽዳት ተራውን፣ የእንግዳውን ጭቅጭቅ ከ«ሀ» ትጀምራለች፤ ሴሚስተሩ ደግሞ አራት ወር ነው። ሊስማሙ ሲሉ ያልቃል።

የድልድሉን ሐሳብ ያመጣው ሰው አንድ እውነተኛ ሥጋት እንዳለው አውቃለሁ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ተማሪ ራሱ ይምረጥ ከተባለ በቋንቋና በትውልድ አካባቢ እየተሰባሰበ ብሎክ ብሎኩን ይከፋፈላል ነው ሥጋቱ። በ2012 በየግቢው የተነሣውን የብሔር ግጭት ያየ ሰው ይህን ቢፈራ አይፈረድበትም። ፊደል ዘር አይቆጥርም ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ጓደኝነትም አይቆጥርም። አራታችንን ያገናኘን እኮ የእናንተው የመጀመሪያ ዓመት ምደባ ነው፤ ባታገናኙን ከጎሬ፣ ከጅንካና ከመተሐራ ልጆች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አልገባም ነበር። ከአዳማ ወጥቼ የማላውቅ ልጅ ስለ ጅንካ የማውቀው የካርታውን ቦታ ብቻ ነበር። ቀላቅላችሁናል፤ ተቀላቅለናል። አሁን የተቀላቀለውን መበተን ምን ይጠቅማል?

የዚህ አገር የዶርም ታሪክም ይህንኑ ይላል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1950 ዓ.ም. ለአፍሪካ ወጣቶች የነፃ ትምህርት ዕድል ከሰጡ በኋላ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ተማሪዎች ወደ አዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ። የተማሪውን እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉ ሰዎች እነዚያ እንግዶች በኢትዮጵያውያኑ አስተሳሰብ ላይ ያሳደሩትን ተጽዕኖ ሳያነሡ አያልፉም። ያ ሁሉ በሌክቸር ሰዓት የመጣ አይመስለኝም። አብሮ የሚበላና አብሮ የሚያመሽ ሰው ነው የልቡን የሚነጋገረው፤ ለዚያ ደግሞ ጊዜም ቦታም ያስፈልጋል።

ክፍል ስለ መጋራት ከተነሣ እናቴን ላንሣ። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው ቤታችን። ግቢያችን ውስጥ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የሚከራዩት የግል ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፤ ኮሌጆቹ በአብዛኛው ማደሪያ ስለሌላቸው። እናቴ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም፤ ስለ ክፍል መጋራት ግን ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ በላይ ታውቃለች። ደንቧ አንድ ክፍል ለሁለት ልጅ ነው። «ሦስተኛ እናስገባ፣ ኪራይም እንጨምርልሽ» ብለው የለመኗት ብዙ ናቸው። ውኃው በፈረቃ እንደሚመጣ፣ በርሜሉ ለስንት ሰው እንደሚበቃ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በስንት ዓመት እንደሚሞላ ቆጥራ ነው እምቢ የምትለው። ቁልፍ ከመስጠቷ በፊት ሁለቱንም አስቀምጣ ሦስት ነገር ትጠይቃለች። ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ? ስንት ሰዓት ትነሣላችሁ? ምን አይሆንልሽም? በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው የምትቆየው። አንዷ «የሽንኩርት ሽታ» ትላለች፣ አንዷ «ያለ መብራት አልተኛም» ትላለች። መልሱ ካልተገጣጠመላት ክፍሉ ባዶ ቢከርምም አታከራይም። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን ድርቅና አድርጌ እቆጥርባት ነበር።

ከብሎካችን ሁለት ልጆች ከማስታወቂያው በኋላ ዶርሙን ትተው ወጥተዋል። ኮንዶሚኒየም ላይ ስቱዲዮ የሚባለውን ቤት ታውቁታላችሁ፤ መኝታውም ሳሎኑም ያው አንዱ ክፍል ሆኖ በጥግ ማብሰያ፣ በጎን መጸዳጃ ያለው። ለአንድ ሰው ወይም ለአዲስ ተጋቢዎች ይበቃል። እነሱ ከሌሎች ሁለት ተማሪዎች ጋር ሆነው ለአራት ተከራዩት። ጠባብ ነው፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። ፍራሾቹ መሬት ላይ ናቸው፤ ቀን ቀን ተጠቅልለው ግድግዳ ይደገፋሉ። ግን በመሐል ጠረጴዛ አለ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚኖርም ራሳቸው ወስነዋል። ወላጆቻቸው ይህን ኪራይ የሚከፍሉት ተርፏቸው አይደለም፤ የአንደኛዋ አባት ባጃጅ ነጂ ናቸው።

ስለ ገንዘብ ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዶርም በነፃ የተሰጠን የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ «ለነፃ አልጋ ምን ይህን ያህል» ተብለን እናውቃለን። ከ1996 ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ የምግቡና የመኝታው ወጪ ከትምህርቱ ወጪ ድርሻ ጋር ተደምሮ ተመርቀን ሥራ ስንይዝ የምንከፍለው ዕዳ ነው። እኔም በየዓመቱ ፈርሜያለሁ። በፈረምኩበት ወረቀት ላይ የመኝታ ተብሎ የተጻፈው ብር 5 ካሬው 3.3 ሲሆን አልቀነሰም። ለጠረጴዛውም እየከፈልኩ ነው ማለት ነው፤ ጠረጴዛው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ።

የመጨናነቁ ምክንያት ሁለት ብሎኮች ለጥገና መዘጋታቸው እንደሆነ ሰምተናል። የአንደኛውን ቧንቧና ጣሪያ ያየ ሰው ጥገናው ይቅር አይልም፤ እኔም አልልም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ጥገናው መቼ ተጀምሮ መቼ ያልቃል? እስከዚያ ድረስ ነው መጨናነቁ ወይስ ለዘለቄታው? ማስታወቂያው ይህን አይናገርም። ጊዜያዊ መሆኑ ቢነገረን መሬት ላይ ተኝተንም ቢሆን አዲሶቹን ልጆች እናስጠጋ ነበር። ቀኑ ያልተነገረ መጨናነቅ ግን ነገ ስምንት እንደማንሆን ዋስትና የለውም።

ከዚሁ ጋር የክረምቱን ነገር ላንሣ። እኔ ዶርም የሚባል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በጥቅምት 2015፣ ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት ዓመት፣ ተፈታኝ ሆኜ ነው። የማላውቃት ልጅ አልጋ ላይ አደርኩ። ግድግዳው ላይ በእጇ የጻፈችው የጥናት ፕሮግራም ተለጥፎ ነበር፤ ከሥሩ «ጌታ ሆይ ካልኩለስን» የሚል ብቻ፣ ሳይጨረስ። ፈተናው እስኪያልቅ በየማታው አነበው ነበር፤ ልጅቷ የት አደረች ብዬ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። ከዚያ ወዲህ ተፈታኞች በክረምት ሲመጡ የሚወጡት እኛ ሆንን። ባለፈው ዓመት ልቀቁ የተባልነው በሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። ብርድ ልብስና መጽሐፋችንን በማዳበሪያ ጠቅልለን መጋዘን አስገባን፤ ደረሰኝ አልተሰጠንም። ስንመለስ የጅንካዋ ልጅ ማዳበሪያ ተፈትቶ ነበር። ተፈታኞቹ ይምጡ፤ እኔም እንግዳ ሆኜ በሰው አልጋ ተኝቻለሁ። ግን ጅንካ ድረስ የሚሄድ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ትኬት ቆርጦ፣ ዕቃ አስረክቦ፣ ገንዘብ ከቤት አስልኮ መውጣት ይከብደዋል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ከሁሉ በፊት ጠረጴዛው ይመለስ። ለስድስት ሰው ቦታ የለም ከተባለ አዲሱ አልጋ ይውጣ፤ አዲሶቹ ልጆች ግን ሻንጣቸውን የሚፈቱበት ትክክለኛ ቦታ ሳያገኙ አይውጡ። ይህ እስኪሆን በየፎቁ ያለው የቴሌቪዥን ክፍል ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ለጥናት ይከፈትልን፤ ቁልፉ ማዘር ዘንድ ነው፣ እሳቸውም ፈቃደኛ ናቸው፣ የሚጠብቁት የእናንተን አንድ መስመር ደብዳቤ ነው። በፊደል ተራ ይደረጋል የተባለው ድልድል ይቅር። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን እናንተ ቀላቅሉ፤ ከሁለተኛ ዓመት በኋላ አብረው መቀጠል የሚፈልጉ በቡድን ይመዝገቡ፤ መለያየት የሚፈልግም ሳያፍር የሚናገርበት ቦታ ይኑረው። በቅጹ ላይ የእናቴን ሦስት ጥያቄዎች አስገቡልን፤ ለምደባ ሠራተኛው በተማሪ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። የጥገናው ማብቂያ ቀን ይለጠፍ። የክረምቱ ልቀቁ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይነገረን፤ ለዕቃችንም ደረሰኝ ይሰጠን። መስኮት የሚሸፍን አልጋ አይኑር። ማከፋፈያውን ኤሌክትሪሺያን ይይልን፤ ይህኛው ነገ የሚባል አይደለም።

ክፍላችንን መጥታችሁ እንድታዩ በአክብሮት እንጋብዛችኋለን። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ስድስታችንም የምንገኘው ያን ጊዜ ነው። የምናስቀምጣችሁ አልጋ ላይ ስለሆነ አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን። ቡና በፔርሙዝ እናመጣለን፤ ጨውም ስኳርም አለ።

የሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባ ሳይጀመር መልስ እንደምትሰጡን ተስፋ አደርጋለሁ። ጠረጴዛው ከካፌው ኋላ ባለው መጋዘን በር አጠገብ፣ በፈረሱ ወንበሮች ሥር ነው ያለው፤ ባለፈው ሐሙስ አይቼዋለሁ። ለመለየት አይቸግራችሁም፤ ጥጉ ላይ «ጂሲ 2008» የሚል አለ፤ በአጭሩ እግሩ ላይ የደገፍንበት ካርቶንም አሁን ድረስ እንደታሰረ ነው።

ከሰላምታ ጋር
በዶርሙ ያሉትን ስድስት ተማሪዎች ወክላ፣
የታችኛው አልጋ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለተማሪዎች ኅብረት
ለብሎካችን ፕሮክተር (ለማዘር)
ልጆቻቸውን ወደ ዶርም ለላኩ ወላጆች